የብራጎ መዳፍ

በከተማችን በቦሶምካ የበዓል ከበሮ ሲመታ የጦር አለቆች ስም ይጠራል። ማን የትኛውን ወንዝ እንደተሻገረ፣ ማን ስንት ምርኮኛ እየነዳ እንደተመለሰ ከበሮው አንድ በአንድ ያወራል፤ እኛም ፀሐይ አናታችንን እየበሳን ቆመን እንሰማለን። የብራጎ ስም ግን አይጠራም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ንግሥት ታኖዋ በአባቶቿ የንግሥና በርጩማ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት የተቀመጠችው በእነሱ ጎራዴ ብቻ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ልንገራችሁና ፍረዱ።

ብራጎ የጫማ ሰፊው የያምፎ ልጅ ናት። መንደራቸው ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ያስኬዳል። ያምፎ ሙያውን ሊያወርስ የፈለገው ለወንድ ልጁ ለባፉር ነበር፤ ባፉር ግን የቆዳ ሽታ አይወድም፣ ልቡ ያለው ጦር ሜዳ ነው። ወስፌውን ያነሳችው ብራጎ ሆነች። ሴት ልጅ ጫማ ስትሰፋ ታይቶ ስለማይታወቅ መንደሩ መሳቂያ አደረጋት። ያምፎ ልጁን ለማን ሊድራት ነው፣ ለበሬ ነው እንዴ እያሉ ቀለዱ። እሱ ግን ጠፍሩን ሦስት ቀን በዘንባባ ዘይት ነክሮ ማለስለስን፣ በየአራተኛው ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ መደረብን አስተማራት። እንዲህ የተሰፋ ጫማ ሲራመዱበት ድምፅ የለውም፤ ጠፍሩም ሁለት ሰው ቢጎትተው አይበጠስም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ያምፎ ከቤተ መንግሥት ጫማ ታዘዘ። ታኖዋ ያን ጊዜ ገና በርጩማው ላይ መቀመጧ ነበር። ጫማውን አድርጋ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደች ቆመችና፣ ይሄ ጫማ ለምን አይጮህም ብላ ጠየቀች። ያምፎ መዋሸት የማያውቅበት ሰው ነው፤ የሰፋችው ልጄ ናት አለ። በማግስቱ ብራጎ ተጠርታ ግቢ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ወደ መንደሯ ብቅ የምትለው ለለቅሶ ብቻ ሆነ።

የንግሥት ውስጥ እግር አፈር አይነካም። ከነካ ዝናብ ይቀራል፣ ማሳ ላይ ያለው ቦዬ ከነሥሩ ይበሰብሳል፣ እሷም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ንግሥት አይደለችም። ሽማግሌዎች ንግሥት ሲሽሩም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጫማዋን ያወልቁና መሬት ያስረግጧታል፣ አለቀ። በእሷ ፊት ደግሞ ጫማ ያደረገ ሰው አይቆምም። የጦር አለቃም ሆነ የሩቅ አገር መልእክተኛ ደጃፉ ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ይገባል። ጫማ የሚወልቀው ለሚበልጡት ሰው ነው። ታኖዋን የሚበልጥ በአገሩ ስላልነበረ እሷ ለማንም አውልቃ አታውቅም።

ስለዚህ ሁለተኛ ጫማ በቅርጫት ይዛ ንግሥቲቱን እርምጃ በእርምጃ የምትከተል አንዲት ደንገጡር አለች። ያን ጊዜ ይህን ሥራ የያዙት ኮናዱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ ብራጎን ለእሳቸው ሰጧት። ሥልጠናው ዓመት ፈጀ። አሮጊቷ ከፊት ይሄዳሉ፣ ብራጎ ዓይኗን ከተረከዛቸው ሳትነቅል ትከተላለች። ኮናዱ ሳይታሰብ አንዱን ጫማቸውን ወርውረው ያወልቁታል፤ እግራቸው መሬት ሳይደርስ ብራጎ መዳፏን ከሥሩ ማንጠፍ አለባት። ካልደረሰች በዚያው ጫማ ጀርባዋን ይሏታል።

"አሁን አገር አጠፋሽ፣" ይላሉ እየሳቁ። "ተነሺ፣ ደግሞ እንሞክር።"

በመጀመሪያው ወር ብራጎ በቀን ሃያ ጊዜ አገር ታጠፋ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግን ኮናዱ ቢሮጡም፣ ቢያታልሉም፣ ደረጃ ላይ ቢሞክሯትም እግራቸው አንድ ጊዜ እንኳ አፈር አልነካ አለ። ያን ዕለት ቅርጫቱን አስረከቧትና ወደ እርሻቸው ሄዱ።

እንዲህ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። የታኖዋን ፊት ከምታውቀው ይልቅ እግሯን ታውቀዋለች። ንግሥቲቱ ስትቆጣ ግራ እግሯን ጫን ትላለች፤ ችሎት ላይ ውሸት ስትሰማ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ብድግ ትላለች። ንግሥት በአደባባይ በገዛ አፏ አትናገርምና ቃሏን ለሕዝብ የሚያደርሰው አፈ ንግሥቱ ኒማኮ ነበር፤ እሱ እንኳ የታኖዋ ሐሳብ ሲጠፋው ዓይኑን ወደ ብራጎ ይጥላል ይባላል። ብራጎም ታኖዋን ወደደቻት። በፍርሃት አይደለም፣ ከልቧ ወደደቻት። ድሃ ተከስሶ ሲቀርብ ከጥላው ሥር አቁሙት የምትለውን፣ ትልቅ ሰው እየዋሸ ሲያንዛዛ ግን ዝም ብላ ፀሐይ ላይ የምታቆየውን፣ ሁሉንም ከኋላ ሆና ታያለች። እንዲህ ያለችውን ሴት ተከትሎ መሄድ ለእሷ ክብር ነበር።

የጦሩ አለቃ ኦዱሮ ግን ንግሥቲቱን አልወደዳትም። ከባሕር ዳር የመጡ ነጋዴዎች ጠመንጃ እያሳዩ በልዋጩ ሰው ሲጠይቁ፣ ኦዱሮ ከጎረቤት አገር ጋር ጦርነት ይከፈት አለ፤ ምርኮኛ ይገኛልና። ታኖዋ እምቢ አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቀ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አለች። በሦስተኛው ኒማኮን፣ "የምትበላውን ቦዬ ገበያችን የሚያመጡልህ እነሱ ናቸው፤ እነሱን ከሸጥክ በኋላ ጠመንጃህን ቀቅለህ ትበላለህ?" አስባለችው። ጉባኤው በሳቅ አለቀ። ኦዱሮ የሳቀውን ሰው ሁሉ ፊት በልቡ ያዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግሥቲቱን የሚያስሽር ክስ ሲፈልግ ከረመ፤ አጣ። ክስ ባይኖራትም እግር ነበራት።

የአባቶች በርጩማዎች በየአርባ ሁለት ቀኑ የሚታጠቡበት በዓል አዳኤ ይባላል። አንዱ አዳኤ ስምንት ቀን ሲቀረው ባፉር ወደ እህቱ መጣ። ባፉር ያን ጊዜ የኦዱሮ ወታደር ነው። ብራጎ ጠፍር ዘይት ውስጥ እየነከረች ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ጥቂት ስለ አባታቸው ወገብ አወራ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ጠፍር ብቻ ነው፣" አላት። "እስከ ግማሹ ትቆርጪዋለሽ። አደባባዩ መሃል ይበጠሳል፣ አንቺ ደግሞ ትንሽ ትዘገያለሽ። በቃ። ሰው አይዘገይም እንዴ?"

"ማን እንደላከህ አልጠይቅህም፤ የኦዱሮ ጠረን አንተ ላይ አለ። እምቢ ብልስ?"

"እምቢ ካልሽ የሚገድለው እኔን ነው፣ እህቴ።"

ብራጎ ጠፍሩን ዘይቱ ውስጥ ለቀቀችው። "ሂድ። እኔ ይህን አላደርግም። ግን ለማንም አልናገርም፣ አንተ እንዳትሞትብኝ። ለላከህ እሺ አላለችም፣ ፈርታለች በለው።"

ስህተቷ ይሄ ነው። እምቢ ማለቷ የሚበቃ መሰላት። በእኛ ሕግ በንግሥት ላይ የተመከረውን ሰምቶ ዝም ያለ፣ ከመከረው እኩል አንገቱን ይሰጣል፤ ብራጎ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ብትናገር ወንድሟ ይሞታል፣ ባትናገር እሷ። ስምንቱን ቀን እህል አልወርድ አላት። ታኖዋ እንኳ አይታት፣ ምነው ብራጎ፣ የወጥ ቤቴ ሙያ ጠፋ እንዴ ብላ ቀለደችባት። ብራጎ አፏን ከፍታ ነበር፤ ባፉር ትንሽ ልጅ ሆኖ የአባታቸውን ቆዳ ሸሽቶ ዛፍ ላይ ሲወጣ ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ያደረገችው ነገር ቢኖር ቅርጫቱን ከአጠገቧ አለመለየት ነው። እየበላችም፣ እየተኛችም አብሯት ነው።

በአዳኤ ጠዋት ግን የግቢው ሴቶች በሙሉ ወንዝ ወርደው ካልታጠቡ ወደ በርጩማው አይቀርቡም። ብራጎም ወረደች። ቅርጫቱና የንግሥቲቱ የበዓል ጫማ ለዚያች አጭር ሰዓት እልፍኝ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

ጃንጥላዎቹ ተዘረጉ፣ መለከቱ ተነፋ፣ ታኖዋ ከደጁ ወጥታ አደባባዩን መሻገር ጀመረች። ከደጁ እስከ በርጩማው ስልሳ እርምጃ ነው። የአደባባዩ አፈር ቀይ ነው፤ በደረቁ ወራት ልሞ እንደ በርበሬ የነካውን ሁሉ ያቀላል። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄዱ ብራጎ አንድ ነገር ሰማች። ጢቅ፣ ጢቅ ይላል። ከበሮው እየተመታ፣ ሴቱ እልል እያለ፣ ይህን የሰማችው እሷ ብቻ ናት። የእሷ ጫማ አይጮህም። ጎንበስ ብላ አየችው። ቅርጹ ያው ነው፣ የወርቁ ጌጥም በቦታው አለ፤ አራተኛው ስፌት ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም። ቅርጫቱን ገለጥ አደረገች፤ ሁለተኛውም ጫማ የሌላ ሰው እጅ ነው። የቀኙ ጠፍር ደግሞ ከአሁኑ መላቀቅ ጀምሯል።

ምን ታድርግ? ወደ አባቶች በርጩማ የሚሄድ ሰልፍ አይቆምም፤ ከቆመ አባቶች ፊታቸውን አዙረዋል ይባላል። በሰልፉ መሃል ንግሥቲቱን የሚያናግር ሰው የለም። ጫማ እንዳትዋስ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጫማ ያደረገ አንድ እግር አይገኝም። ኦዱሮ ሁሉን አስቦበታል፤ ተንኮለኛ ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። ሳያስባቸው የቀሩት አንድ ሰው ኮናዱ ናቸው።

ጠፍሩ በሃያኛው እርምጃ ላይ ተበጠሰ። ጫማው ወደ ጎን ሄደ፣ የታኖዋ ቀኝ እግር መውረድ ጀመረ። ብራጎ ቅርጫቱን ጥላ በጉልበቷ ወደቀችና መዳፏን አነጠፈች። ንግሥቲቱ በቆዳ ፋንታ ሥጋ ረገጠች። ወደ ታች አላየችም፣ ፊቷም አልተለወጠም፤ እርምጃዋን ብቻ አዘገየች። ከበሮ መቺው እግሯን እያየ ነው የሚመታውና እሱም አዘገየ። ብራጎ በጉልበቷ እየዳኸች፣ ቀኝ እግሩ በተነሳ ቁጥር እጇን መንጭቃ ወደ ፊት ታደርሳለች፤ እግሩ ሲወርድ መዳፏ ቀድሞ ይጠብቀዋል። ታኖዋ ቀጭን ሴት አልነበረችም፣ በዚያ ላይ ወርቅ ለብሳለች። ገና ሃያ የቀኝ እርምጃ ይቀራቸዋል። በሰባተኛው ላይ የቀለበት ጣቷ ሲሰበር ብራጎ ድምፁን ሰማችው። የእጇ ጀርባ በጠጠሩ ተልጦ ደሟ አፈሩ ላይ መስመር አወጣ። ግራ እጇ ይዘገይብኛል ብላ ስለፈራች አልቀየረችም። የግራው ጫማ ጠፍር እንዴት እስከ መጨረሻው እንደያዘ እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ ጫማውን እንዲቀይር የተላከው ሰው ቸኩሎ መሆን አለበት።

ሕዝቡ አዲስ ሥርዓት የመጣ መስሎት እልልታውን ጨመረ።

ታኖዋ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ኦዱሮ ተነሳ። እግሯ አፈር ነክቷል፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ አለ። እልልታው ቆመ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ግማሾቹ ቀድመው ነገሩን የሚያውቁ ነበሩ። ታኖዋ ወደ ኒማኮ ጆሮ ጎንበስ አለች። ኒማኮ በትሩን አነሳ።

"ናና እመቤታችን የሚሉት እንዲህ ነው፣" አለ። "አፈራችን ቀይ ነው፣ የረገጠውን አይደብቅም። የጦሩ አለቃ ራሱ ይምጣና እግራቸውን በነጭ ጨርቅ ይጥረግ።"

ታኖዋ ማለት ይህቺ ናት። እምቢ ካለ ክሱን ተወ፤ እሺ ካለ በጦሩ ፊት ተንበርክኮ እግሯን ሊጠርግ ነው። ኦዱሮ ተንበረከከ። ጨርቁን አንዴ አሳለፈ፣ ደገመ፣ በጣቶቿ መሃል አስገብቶ ፈተገ። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ኒማኮ ተቀብሎት ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ ዘረጋው፤ ከዚያም የብራጎን እጅ ይዞ አነሳ። ጀርባው ደምና ቀይ አፈር ነው። ሲያገላብጠው መዳፉ ንጹሕ ነው፣ የንግሥቲቱ አምስት ጣቶች እንደታተሙበት አሉ። ከዚያ በኋላ በአደባባዩ የሆነውን ጩኸት ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ሰምተውታል።

ታኖዋ ኦዱሮን አልገደለችውም። ብትገድለው ከበሮው ስሙን ይጠራለት ነበር። የልጅቷ እጅ እስኪሽር የጫማዬን ቅርጫት እሱ ይያዝልኝ አለች፣ ይኸው ነው። ኦዱሮ የሚቀጥለው አዳኤ ሳይደርስ አገር ጥሎ ጠፋ። ጦርነቱም አብሮት ጠፋ፤ የጎረቤቶቻችን ልጆች ዛሬም ቦዬ ይዘውልን ይመጣሉ።

ብራጎ ግን ገና አልተረፈችም። ከሰዓት በኋላ ወጌሻው ጣቷን በቀርከሃ አስሮላት ሲወጣ ንግሥቲቱ ገባች፤ ኒማኮን ሳይቀር ሰው ሁሉ ይውጣ አለች።

"ጠፍር ሲበጠስ ሰው ይደነግጣል፣" አለቻት። "አንቺ አልደነገጥሽም። ስትጠብቂው ነበር።"

በዚያ ሰዓት ብራጎ ያለችው ሁሉ ይታመንላት ነበር። ድምፁን ሰምቼ ነው ብትል ውሸትም አይደለም። እኔ ብሆን እንደዚያ ብዬ እገላገል ነበር፤ እናንተም እንደዚሁ። ብራጎ ግን በተሰበረ እጇ መሬቱን ይዛ ተንበረከከች።

"ናና፣ ስምንት ቀን አውቄ ዝም ብያለሁ። መልእክቱን ያመጣው ወንድሜ ነው፤ ይገድሉታል ብዬ ፈራሁ። እሱን ይማሩልኝ። እኔ ሕጉን አውቀዋለሁ።"

ብራጎ ቀና ማለት ስላቃታት ወደ ለመደችው ወደ እግሯ አየች። አውራ ጣቷ አልተነሳችም። ቢያንስ እንዳልዋሸሁ አውቃለች ብላ ለሞት ተዘጋጀች።

"ዝም ያለው አፍሽ ነው፣" አለች ንግሥቲቱ። "እኔም የምቀጣው አፍሽን ነው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ስታደርጊልኝ ገበያ የሰማሽውን፣ ግቢ የሰማሽውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። የሚያስቀይመኝን ደግሞ አስቀድመሽ። አንድ ቀን ብትደብቂኝ ያን ጊዜ ሕጉን አስታውሰዋለሁ።"

"ባፉርስ፣ ናና?"

"ወደ አባቱ ይመለስና ቆዳ ይንከር። ሽታው ይበቃዋል።"

ብራጎ ያን ቅጣት ሃያ ዓመት ተቀጣች። ገበያተኛ ሴቶች ለሽማግሌዎች መናገር የፈሩትን ለእሷ ይነግሯታል፤ እሷም አንድ ቃል ሳታጎድል በማለዳ ታደርሰዋለች። የንግሥቲቱ የእህት ልጅ የባልቴቶችን እርሻ መንጠቁን የተናገረችው እሷ ናት፤ ታኖዋ ጫማዋን ሳታጠልቅ ተቀምጣ ሰማቻትና ልጁን እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አቆመችው። ለዚህ ሁሉ ብራጎ ከማንም እጅ መንሻ አልተቀበለችም፤ የተጠበሰ ሙዝ ብቻ ትወድ ነበር፣ እሱንም ከሰጪዋ ጋር ተካፍላ ነው የምትበላው። ጣቷ ተጣሞ ቀረ። በአራት ጣት መስፋት ተለማመደች፤ አራተኛውን ስፌት ግን አንድም ቀን አልዘለለችም። በየአዳኤው ደግሞ ሃያኛው እርምጃ ላይ ጫማ ያዥዋ ተንበርክካ በመዳፏ የንግሥቲቱን እግር መንካቷ ሥርዓት ሆነ። ዛሬ ልጆቻችን አገሩ ከተፈጠረ ጀምሮ የነበረ ይመስላቸዋል፤ እኔም እስቃለሁ።

ብራጎ በአርባ ስምንት ዓመቷ ሳል ይዟት ሞተች። አስከሬኗ ወደ አባቷ ግቢ ተወሰደ። ንግሥት ደንገጡሯ ብትሞትባት ሰው ትልካለች እንጂ ራሷ ለቅሶ አትደርስም። ታኖዋ ግን በግራ በቀኝ ተደግፋ የግማሽ ቀኑን መንገድ መጣች። ባፉር ዘይት የጠገበ እጁን አጣምሮ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ሲያያት መሬት ላይ ተደፋ። አለፈችውና አስከሬኑ ጋ ደረሰች። የሟችን ልብስ አምጡልኝ አለች። ብራጎ ለአዳኤ የምትለብሰውን ሰማያዊ ጨርቅ አመጡ። አንጥፉት አለች፤ አነጠፉት።

ከዚያ በደጋፊዎቿ ትከሻ ተመርኩዛ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥላ ግራውን ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ በብራጎ ልብስ ላይ ቆመች። እግሯ አፈር አልነካም፤ ሕጉ እንዳለ ነው። ጫማ የሚወልቀው ለማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። አፈ ንግሥቱ ኒማኮ ለሕዝቡ የሚያደርሰው ቃል እንዳለ ለመስማት ጆሮውን አስጠጋላት። ታኖዋ ምንም አላለችውም። የመቃብሩ አፈር ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ቆመች።